ፍንዳታው ያልታየበት የዓለም ፍጻሜ፦ «ክራምብስ» በሳይንሳዊ እውነታዊነት ሚዛን

የአዘጋጅ ሚጌል ሊያንሶ «ክራምብስ» (ፍርፋሪ) እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ የበቃ፣ 68 ደቂቃ የሚፈጅ፣ ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ የሚነጋገሩበት ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልም ነው። መቼቱ ከታላቅ ጦርነት በኋላ ባዶዋን የቀረች ኢትዮጵያ ናት። ዓለምን ያጠፋው ጦርነት ግን በፊልሙ ውስጥ አይታይም። ከተማ ሲጋይ፣ ሕንፃ ሲደረመስ፣ ሰማይ በእሳት ሲሞላ አናይም። በዚህ ዘውግ ተመልካች ትኬት የሚቆርጠው በአብዛኛው ለእነዚህ ትዕይንቶች ስለሆነ መቅረታቸው ወዲያው ይታወቃል። ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ከፊሉም እውነት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን ይህ ፊልም ፍንዳታን ሳያሳይ፣ ፍንዳታ በዓለም ላይ ምን እንደሚያደርግ ከብዙ ውድ ፊልሞች በተሻለ ያውቃል እላለሁ። የሚሰናከለውም በዚያው በሳይንሱ ጉዳይ፣ ሰማይ ላይ በሰቀለው መርከብ ነው። ወደ ፊልሙ ከመግባቴ በፊት ግን የምመዝንበትን ሚዛን ማስቀመጥ አለብኝ።

ፍንዳታ የሚባለው በቅጽበት የተለቀቀ ጉልበት በዙሪያው ያለውን አየር በኃይል ሲገፋ ነው። ግድግዳ የሚያፈርሰው፣ መስኮት የሚያረግፈው፣ ሳንባ የሚጎዳው በዓይን የማይታየው የግፊት ሞገድ ነው። ቲኤንቲ ሲፈነዳ ፍንዳታው በፈንጂው ውስጥ የሚጓዝበት ፍጥነት በሰኮንድ 6,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ዓይን አይከተለውም። ለዓይን የሚተርፈው አጭር ብልጭታና ከእሱ በኋላ የሚነሳው ግራጫ አቧራ ነው። በሲኒማ የለመድነው፣ እየተጥመለመለ ወደ ላይ የሚወጣው ብርቱካናማ የእሳት ኳስ የቤንዚን ሥራ ነው። ቤንዚን ከፈንጂ ጋር ሲነጻጸር ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ነድዶ ያላለቀው ጥላሸት ይግላል፤ ቀለሙ ካሜራ ላይ ያምራል። በዚህ ምክንያት የእጅ ቦምቡም፣ ሚሳይሉም፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣው ጦር መሣሪያም ፊልም ላይ ሲደርስ ሁሉም እንደ ቤንዚን ይነዳል። ሁለተኛው ስሕተት የድምፅ ነው። ብርሃን ወዲያውኑ ይደርሳል፤ ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ፣ ልደታ ሠፈር የቆመ ሰው ከአምስት ኪሎ ሜትር ርቀት የፈነዳን ነገር ብልጭታውን ካየ በኋላ ድምፁን የሚሰማው 15 ሰኮንድ ያህል ቆይቶ ነው። በፊልም ግን ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይደርሳሉ።

ይህን ለአዲስ አበባ ሰው በቀመር ማስረዳት አያሻም። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የመንግሥት ለውጥ በሆነ በሳምንቱ፣ በንፋስ ስልክ በኩል የነበረው የጥይት መጋዘን ፈነዳ፤ ብዙ ሰው ሞተ። በዕድሜ ጠና ያሉ የልደታ ጎረቤቶቼ ያንን ቀን ሲያነሱ የሚተርኩት ስለ እሳት ቀለም አይደለም፤ ስለ መስኮት፣ ስለ በር፣ ከአልጋ ስለ መውደቅ ነው። በ1977 ዓ.ም. የኮረምን ረሃብ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን መጋዘኑ ሲነድ ሊቀርጽ ከባልደረቦቹ ጋር ሄዶ ነበር። ተከትሎ የመጣው ፍንዳታ ግራ ክንዱን አሳጣው፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሕይወቱ አለፈ። ካሜራው ያነጣጠረው በሚታየው እሳት ላይ ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው ከማይታየው ግፊትና እሱ ከወረወረው ስብርባሪ ነው። ፍንዳታን በፊልም ስመዝን ይህ ታሪክ ከፊቴ አይጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈልግም።

ከዚያ ቀን አንድ ወር ገደማ በኋላ የጄምስ ካሜሮን «ተርሚኔተር 2» አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ ቀረበ። በኋላ ዘመን በየሠፈሩ ቪዲዮ ቤት ያየነው ፊልም ነው። ሣራ ኮነር በሕልሟ የኑክሌር ቦምብ ሎስ አንጀለስ ላይ ሲወድቅ የምታይበት ትዕይንት ለዚህ ሚዛን ጥሩ መለኪያ ይሆናል። መጀመሪያ ብርሃኑ ሁሉን ያነጣል፤ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ግፊቱ የሚደርሰው ከዚያ ዘግይቶ ነው፤ ሲደርስም የተቃጠለውን ጠርጎ ይወስደዋል። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። የትዕይንቱ አስፈሪነት የመጣው ከዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ በብርሃኑና በግፊቱ መካከል ያለችው ክፍተት ተመልካቹ የሚመጣውን አውቆ ምንም ማድረግ የማይችልባት ጊዜ ናት። ሕንፃዎቹ በትናንሽ ሞዴሎች ተሠርተው የተቀረጹ ናቸው። እዚህም ሳይንስ አለ፦ አንድ ሞዴል ከእውነተኛው መጠን በአራት እጥፍ ካነሰ፣ ፍርስራሹ እንደ ትልቅ ሕንፃ ከብዶ እንዲወድቅ ካሜራው በእጥፍ ፍጥነት መቅረጽ አለበት። ይህን ሕግ ያልጠበቀ ባለሙያ የቱንም ያህል ቢደክም ሕንፃው የካርቶን ይመስልበታል። እውነታዊነት ለድራማው የሚያገለግለው እንደዚህ ነው፤ ለሊቃውንት ማስደሰቻ ብቻ የሚጨመር ነገር አይደለም።

የህዋ ፍንዳታ ጉዳይ ግን ይለያል። አየር በሌለበት ድምፅ የለም፤ እሳቱን ወደ ላይ የሚያነሳ የሙቅ አየር ግፊትም የለም። ስለዚህ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው ደመና አይፈጠርም፤ ጋዙና ስብርባሪው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይበተናል፣ ወዲያውም ይሳሳል። ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 በ«2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ይህን በጥንቃቄ ጠብቋል። ጠፈርተኛው የትንሿን መንኮራኩር በር በፈንጂ ብሎኖች ከፍቶ ወደ እናት መርከቡ ሲወረወር ምንም ድምፅ አይሰማም፤ ድምፅ የሚመለሰው አየሩ ሲመለስ ነው። ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 በ«ስታር ዋርስ» ሌላ መንገድ መረጠ። ባለሙያዎቹ ካሜራውን ከሥር አድርገው ከበላዩ ያለውን ሞዴል ሲያፈነዱ ስብርባሪው ወደ ሌንሱ እየተበተነ መጣ፤ የመሬት ስበት የሌለበት መሰለ። ይህ ብልሃት ዛሬም ያስደንቀኛል። ድምፁ ግን በህዋ ሊኖር የማይችል ነጎድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ፊልሙ ታድሶ ሲወጣ ደግሞ በፍንዳታው ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ተጨመረበት። ጋዝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሚሄድበት ባዶ ውስጥ ቀለበት የሚሠራበት ምክንያት የለም። ሉካስን በዚህ አልከሰውም፤ ፊልሙ ከመነሻው ተረት ነኝ ብሏል፣ ተረትም የራሱ ፈቃድ አለው። ቀለበቱ ግን ለተረቱ ምን እንደጨመረ እስካሁን አልገባኝም።

አሁን ወደ «ክራምብስ»። በመክፈቻው በጽሑፍ የሚቀርበው ዳራ የሰው ልጅ ዘሩን ለማስቀጠል መጨነቅ እንዳቆመ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የምናገኘው ካንዲን ነው፤ ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ይህ ሰው በምድረ በዳ እየዞረ ካለፈው ዘመን የተረፈ ዕቃ ይለቅማል። የሚኖረው በተተወ የቦውሊንግ መጫወቻ ውስጥ ከበርዲ (ሰላም ተስፋዬ) ጋር ነው። ከበላያቸው ለረጅም ዘመን ሞቶ የኖረ የህዋ መርከብ ሰማዩ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን የቦውሊንጉ ማሽን ማንም ሳይነካው ይንቀሳቀሳል። በርዲ ትፈራለች፤ መርከቡ እየነቃ መሆኑን ይጠረጥራሉ። ራሱን የሌላ ዓለም ተወላጅ አድርጎ የሚያምነው ካንዲ ወደ መርከቡ የሚወጣበትን መንገድ ፍለጋ ይነሳል። በመንገዱ ከአሮጌ ዕቃ ገማች፣ ከጠንቋይ፣ ናዚ መስሎ ከለበሰ ጠላት፣ ከገና አባት ጋር ይገናኛል። ትልሙ በአጭሩ ይህ ነው።

አወቃቀሩ የምናውቀው የተረት አወቃቀር ነው፦ ከቤት የወጣ ሰው፣ በየደረጃው የሚጠየቅ አዋቂ፣ በየመንገዱ የሚገጥም ፈተና፣ እንደ ስንቅ የሚያዝ ዕቃ። ሊያንሶ ይህን አሮጌ አካሄድ ከሳይንሳዊ ልቦለድ ጋር ማጋባቱ ብልህ ውሳኔ ነው፤ ሥልጣኔዋ የፈረሰባት ዓለም ታሪኳን በተረት መልክ ብትናገር ተገቢ ነውና። ድክመቱ መካከለኛው ክፍል ላይ ይታያል። ትዕይንቶቹ በምክንያትና ውጤት ከመያያዝ ይልቅ በዕይታ ውበታቸው ብቻ ይደረደራሉ። ከገና አባቱ ትዕይንት በፊት ካሉት አንዱ ቢወጣ ካንዲ የሚያጣው ነገር አይኖርም። 68 ደቂቃ አጭር ነው፤ በዚህ ስፍራ ግን ይረዝማል።

የፊልሙ ታላቅ ስኬት የቦታ ምርጫው ነው። ካንዲ በመክፈቻው የሚሄድበት፣ ቢጫና አረንጓዴ አሲድ የሚፈላበት ምድር የአፋሩ ዳሎል ነው፤ ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ ስፍራ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተደረገ ምዝገባ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ የተገኘበት፣ በዚህም ሰው ከኖረባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ተብሎ የተያዘ ነው። የውኃው አሲድነት ከባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ነው። ለዚህ ዳሰሳ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሌላ እውነታ ነው። የዳሎል ጉድጓድ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1926 በደረሰ ፍንዳታ ነው። በከርሰ ምድር ያለ ውኃ በታችኛው ሙቀት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ በ1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፤ መውጫ ሲያጣ በላዩ ያለውን ጨውና ድንጋይ ይበትናል። ነበልባል የለበትም፤ ቀልጦ የሚፈስ ዐለትም አያስፈልገውም። ግፊት ብቻውን የሠራው ሥራ ነው።

አዘጋጁ ይህን ያውቅ እንደሆነ አልመረመርኩም፤ ለሐያሲም ወሳኝ አይደለም። ስክሪኑ ላይ ያለው ውጤት ነው የሚመዘነው። ጦርነት ያጠፋትን ዓለም ለማሳየት የተመረጠው ምድር ፍንዳታ በእውነት የቀረጸው ምድር ነው። የሲኒማቶግራፊ ባለሙያው እስራኤል ሴዋኔ ካሜራውን ከርቀት አስቀምጦ ትንሹን ሰው በሰፊው መልክዓ ምድር ውስጥ ሲያሳይ፣ ተመልካቹ ሳይነገረው እዚህ የሆነው ነገር ጉልበት እንደነበረው ይረዳል። ቀለሙ በኮምፒውተር የተቀባ የሚመስላቸው አሉ፤ የብረት ማዕድንና የጨው ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ዳራ በብዙ ሚሊዮን ብር በስቱዲዮ ቢሠራ እንኳ ተመልካቹ የሚጠረጥረው ነገር ይኖር ነበር። እዚህ ግን የሚጠረጠር የለም።

ሁለተኛው ስኬት ዕቃዎቹ ናቸው። በ«ክራምብስ» ዓለም የተረፈው የፕላስቲክ የገና ዛፍ፣ የልጆች መጫወቻ አሻንጉሊት፣ የማይክል ጃክሰን ሸክላ ነው። ገማቹ እያንዳንዱን ዕቃ አንሥቶ በሊቅ ድምፅ የትመጣውን ይተርካል፤ ይህ አሻንጉሊት የጦረኞች ክታብ ነበር፣ ያ ደግሞ የታላላቆች ንብረት ነበር ይላል። በርዲም ማይክል ጆርዳንን በመሠዊያ ላይ አስቀምጣ ስትጸልይ የሳይንቲስትና የዘፋኝ ስም እንደ ነገሥታት በተራ ቁጥር እየተጠራ በአንድ ጸሎት ይደረደራል። ስቲቨን ሆኪንግ በዚህ ዓለም የሚታወቀው በቀመሩ አይደለም፤ ቅዱስ ሆኗል። ይህ የፊልሙ በጣም ጥልቅ ሐሳብ ይመስለኛል፦ ከጥፋት በኋላ ቁሱ ይተርፋል፣ ዕውቀቱ ይሞታል። በቁሱ በኩል ሳይንሱም ይደግፈዋል። ወረቀት ይበሰብሳል፣ ብረት ይዝጋል፣ ፕላስቲክ ግን ለብዙ ትውልድ ይቆያል።

እዚህ ላይ ልደታን ልጨምር፤ ፊልሙን ያየሁት በዚህ ሠፈር ዓይን ነውና። ልደታ በአዲስ አበባ ሰፊ የመልሶ ማልማት ሥራ ከተካሄደባቸው የመጀመሪያዎቹ ሠፈሮች አንዱ ነው። የጭቃ ግድግዳዎቹ ሲፈርሱ ፍርስራሹ ላይ የቀረው ምን እንደነበር ያየ ያውቀዋል፦ ጀሪካን፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የተሰበረ ቴፕ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ የኳስ ተጫዋች ፖስተር። የገማቹ ትዕይንት እንግዳ ነገር አልሆነብኝም። አንድ ሠፈር ያለ አንዲት ፍንዳታ ሊያበቃ እንደሚችል ለሚያውቅ ተመልካች የሊያንሶ ጥፋት ከእሳት ኳሱ ጥፋት በላይ ያሳምናል።

የፊልሙ ቋንቋ ድብልቅ ነው። ገማቹ የሚናገርበት የተራቀቀ፣ የሊቅ አማርኛ ከያዘው ርካሽ ዕቃ ጋር ሲጋጭ የሚፈጥረው ውጤት የታሰበበት ነው። የካንዲና የበርዲ የቤት ንግግር ደግሞ ለስላሳ፣ አጭር፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች ንግግር ነው። በተለይ ሰላም ተስፋዬ፣ በአማርኛ ፊልሞች የምናውቃት ተዋናይት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታሳየው ሥጋት ሰማይ ላይ ካለው መርከብ በላይ ያስፈራል። ዳንኤል ታደሰ ፊቱንና አረማመዱን እንጂ ቃላቱን ብዙ አያስፈልገውም። ነገር ግን በጉዞው ወቅት ያሉ አንዳንድ ቃለ ምልልሶች በሌላ ቋንቋ ታስበው ወደ አማርኛ የተዘዋወሩ ይመስላሉ፤ ፈሊጥ የላቸውም፣ ዕድሜና ማዕረግ የሚለይ አነጋገርም ይጎድላቸዋል። ጠንቋይ ዘንድ የሄደ ሐበሻ እንደ እኩያ አይነጋገርም። አንድ አማርኛ ጸሐፊ ረቂቁን ቢያየው ይህ ይስተካከል ነበር።

ወደ ዋናው ጉድለት ልምጣ፤ መርከቡ። የሞተ መርከብ ሰማይ ላይ እንዴት ይንጠለጠላል? ጉልበት ከሌለው መውደቅ አለበት፤ የሚያቆመው ኃይል ካለ ደግሞ ሞቷል ማለት አይቻልም። በአየር ውስጥ የሚንሳፈፍ ከአየር የከበደ ነገር፣ እንደ ሄሊኮፕተር፣ ክብደቱን በሚመጥን ኃይል አየር ወደ ታች መግፋት ይኖርበታል፤ ከሥሩ ያለው አቧራ ይነሳል፣ ዛፉ ይጎነበሳል። ሊያንሶ መርከቡ በምን እንደቆመ ባይነግረን እቀበለዋለሁ፤ የማይታወቅ ሥልጣኔ መሣሪያ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የኒል ብሎምካምፕ «ዲስትሪክት 9» ጆሃንስበርግ ላይ ያቆመውን መርከብም አላስረዳም። ልዩነቱ ግን በዚያ ፊልም መርከቡ በከተማው ኑሮ ላይ ይከብዳል፤ ሄሊኮፕተሮች ይቀርቡታል፣ ሰዎች ከሥሩ ይኖራሉ፣ ሲንቀሳቀስ ሁሉ ነገር ይለወጣል። በ«ክራምብስ» የመርከቡና የመሬቱ ግንኙነት ከምስል አይዘልም። ሰማዩ ላይ ተለጥፏል፤ ምድሩ ግን መኖሩን የሚያውቅ አይመስልም።

ይህ ጉድለት የሚያስቆጨው ፊልሙ ራሱ መልሱን በእጁ ስለያዘ ነው። የቦውሊንጉ ማሽን ብቻውን ሲንቀሳቀስ ሊያንሶ መርከቡን ከምድሩ የሚያገናኝ አካላዊ ምልክት ፈጥሯል። ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ጀነሬተር የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ የነቃ መርከብ በሩቅ ያለን ሞተር ሊነካ ይችላል የሚለው ግምት ለልቦለድ በቂ መሠረት አለው። እንግዲያው ሕጉ ለቦውሊንጉ ከሠራ ለሌላውም መሥራት ነበረበት፦ በካንዲ መንገድ ላይ ያለ የዛገ መኪና መብራት፣ የተረሳ ራዲዮ፣ የአጥር ሽቦ። ሳይንሳዊ ልቦለድ የፈለገውን ሕግ ማውጣት ይችላል፤ ያወጣውን ሕግ ግን ባወጣበት ዓለም ሁሉ መጠበቅ አለበት። «ክራምብስ» ሕጉን በመጀመሪያው ክፍል አውጥቶ በጉዞው ረስቶታል። ይህ ከገንዘብ ጋር አይያያዝም፤ የሚበራ አንድ የመኪና መብራት ምንም ያህል አያስወጣም።

ከዚህ የሚከብድ፣ ከሳይንሱ ወደ ሥነ ምግባሩ የሚያዘነብል ወቀሳም አለኝ። ዳሎል ባዶ አይደለም። በዙሪያው ባለው የጨው ሜዳ አፋሮች ጨው ይቆርጣሉ፤ አሞሌው በግመልና በመኪና ወደ ደጋ ይወጣል፤ ይህ ሥራ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያለ ነው። ፊልሙ ይህን ምድር የሰው ልጅ ማብቂያ አድርጎ ሲያሳይ የምድሩን ሰዎች ከምስሉ ያወጣቸዋል። ከውጭ ለመጣ ዓይን ዳሎል ሌላ ፕላኔት ቢመስል አይገርምም፤ ለጨው ቆራጩ ግን የሥራ ቦታው ነው። ሊያንሶ ኢትዮጵያን በቱሪስት ዓይን ብቻ ያያል ማለቴ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ኖሯል፣ ከእኛ ተዋንያን ጋር በአክብሮት ሠርቷል፤ ፊልሙም ስለ ድህነት አይለፍፍም፣ ይህም ያስመሰግነዋል። ነገር ግን ዕውቀት ሲሞት ቁስ ይተርፋል የሚል ፊልም በዚያው ምድር ላይ ያልሞተ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ቢያስተውል ጭብጡ ይበልጥ ይሰላ ነበር። በዚያ ሙቀት እንዴት መኖር እንደሚቻል ከጥፋት በኋላ የሚያውቅ ሰው ካለ እነሱ ናቸው።

ሊያንሶ ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» የተባለውን ፊልም ከዚሁ ከዳንኤል ታደሰ ጋር ሠርቷል። ታሪኩ በኮምፒውተር ውስጥ ባለ ዓለም ስለሚካሄድ የተፈጥሮ ሕግ ጥያቄ በከፊል ይነሳለታል፤ ይሻላል ግን አልልም። በሁለተኛው ፊልም ሁሉም ነገር መሆን ስለሚችል ምንም ነገር አይከብድም። «ክራምብስ» የሚበልጠው ምድሩ እውነተኛ ስለሆነ፣ ሙቀቱና ርቀቱ የካንዲን እግር ስለሚያደክም ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ «ክራምብስ» በአማርኛ ከተሠሩ ሳይንሳዊ ልቦለድ ፊልሞች መካከል በድፍረት መቀመጥ የሚገባው፣ በቦታ ምርጫው፣ በትወናውና ስለ ቁስ ባለው ሐሳብ የበሰለ፣ በትልም አያያዙና በራሱ ሕግ ጽናት ግን ያልተጠናቀቀ ሥራ ነው። ለፊልም ተማሪዎች ከማንኛውም የሆሊውድ ፍንዳታ በፊት እንዲያዩት እመክራለሁ፤ ለምን እንደሆነም በሥራ ቋንቋ ልናገር። ዛሬ በእኛ ፊልሞች ፍንዳታ ሲያስፈልግ ከኢንተርኔት የወረደ የእሳት ቪዲዮ በምስሉ ላይ መደረብ የተለመደ መፍትሔ ነው። እሳቱ በቦታው ላይ ብርሃን አይጥልም፣ ነፋሱ ልብስ አያነሳም፣ ድምፁም ከምስሉ ጋር እኩል ይደርሳል፤ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም ውሸቱ ይሰማዋል። የግንቦት 27ን ንጋት ከልደታ መስኮት ለመተረክ የሚነሳ አዘጋጅ ግን የወረደ እሳት አያስፈልገውም። ግድግዳ ላይ የሚያልፍ አንድ ብልጭታ፣ በአርትዖት የሚጠበቅ የ15 ሰኮንድ ጸጥታ፣ ከዚያ የሚረግፍ መስታወትና አየሩ የሚገፋው መጋረጃ ይበቃዋል። ለብልጭታው አንድ መብራት፣ ለመጋረጃው አንድ ማራገቢያ፣ ለጸጥታው ደግሞ ተዋንያኑ ሳይናገሩ መጠበቅን እንዲለማመዱ የሚሰጥ በቂ ጊዜ ያስፈልጋል።